የእናቱን ስም ሳታዩ መርዶ አትናገሩ፡ አጎቴን በአሜሪካ የሞት መዝገብ ውስጥ ያገኘሁበት መንገድ

አጎቴ በ1971 ከጎንደር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲወጣ እኔ ገና አልተወለድኩም። ጋሼ እያልን ያደግነው ግድግዳ ላይ በተሰቀለች አንዲት የደበዘዘች ፎቶ ነው። ገዳሪፍ ከረመ፣ ከዛ አሜሪካ ገባ፣ ጥቂት ደብዳቤ መጣ፣ የመጨረሻው ሰኔ 1980 ነው፣ ከዛ በኋላ ዝም። እማዬ ታላቅ እህቱ ናት፣ ሰላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ አላገኘችውም አላለቀሰችውምም፣ እንዲሁ ተንጠልጥላ ኖረች። ፍልሰታ በገባ ቁጥር "ዘንድሮ ይሄን ያህል ሞላው" ትላለች፣ የተወለደው በ1947 በፍልሰታ ጾም ነውና። አሁን ነገሩ አልቋል፣ ግን እኔ እዚህ ለመድረስ አምስት ዓመት የፈጀሁት በራሴ ስህተት ስለሆነ፣ ዘመዱን የሚፈልግ ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይንከራተት ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት ገና በልጅነቴ ነው። ደብዳቤዎቹ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ፖስታዎቹ ግን የሉም፣ ምክንያቱም ቴምብር እለቅም ስለነበር እየቆረጥኩ ወስጄ ፖስታውን የጣልኩት እኔው ነኝ። አድራሻው ፖስታው ላይ ነበረ እኮ! ደብዳቤው ላይ ያለው "አገሩ ሙቀት ነው፣ ባሕሩም ቅርብ ነው" ምናምን ብቻ ነው። እባካችሁ ቤታችሁ የድሮ ፖስታ ካለ ጀርባውንም ማኅተሙንም ፎቶ አንሱት።

ሜሪላንድ መጥቼ ስደላደል ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። ታውቁናላችሁ፣ ሐበሻ አላውቅም ማለት አይወድም። አንዱ ሲያትል አይቼዋለሁ ይላል፣ ሌላው አትላንታ ታክሲ ይነዳ ነበር ይላል፣ ሁለት ዓመት እንዲሁ ሄደ። የሞት መዝገብ ማየት የሚባለውን ነገር ደግሞ አንድ ፈረንጅ የሥራ ባልደረባዬ ነግሮኝ ነበር ግን ሟርት መሰለኝ። በሕይወት ያለን ሰው ከሙታን መሀል መፈለግ ይከብዳል፣ ለእማዬም አልነገርኳትም። በመጨረሻ በ2016 (በፈረንጅ ነው፣ የአሜሪካውን ነገር ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ከፈትኩት።

መጀመሪያ የገባሁት የሶሻል ሴኩሪቲ (ለየሰዉ መለያ ቁጥር የሚሰጠው የአሜሪካ የጡረታ መሥሪያ ቤት) የሞት ዝርዝር ውስጥ ነው። ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ዌብሳይት ላይ በነጻ ይታያል፣ አካውንት መክፈት ብቻ ነው። ዝርዝሩ ስም፣ የልደት ቀን፣ የሞት ቀን፣ የመጨረሻ መኖሪያ ዚፕ ኮድ፣ ቁጥሩ የወጣበት ስቴት ያሳያል፣ በቃ። የአባት ስም የለም የእናት ስም የለም። ሌላ ማወቅ ያለባችሁ፣ ሙሉ ዝርዝር አይደለም። በኖቬምበር 2011 ከስቴቶች የመጡ ወደ 4.2 ሚሊዮን የሚሆኑ መዝገቦች ለሕዝብ ከሚታየው ላይ ወጥተዋል፣ በ2013 በወጣ ሕግ ደግሞ በቅርብ ሦስት ዓመት ውስጥ የሞተ ሰው ለሕዝብ አይታይም። ስለዚህ ስሙን አጣሁት ብላችሁ "እንግዲያው በሕይወት አለ" እንዳትሉ፣ እኔ ብዬ ነበር።

እንዴት ፈለግኩ መሰላችሁ፣ የጋሼን ስም ከነአባቱ ስም አስገባሁ፣ የልደት ዓመት 1955 ከሁለት ዓመት ወዲህና ወዲያ አልኩት። 1947 ላይ ስምንት መደመር መሆኑ ነው፣ ብልጥ ነኝ ብዬ። ብዙ ስም መጣ፣ የሚገጥመው ግን አንድ ሰው ነው። ስሙ ከነአባቱ ልክ፣ የልደት ዓመቱ ልክ፣ የሞተው በ1989፣ ቦታው ሂዩስተን ቴክሳስ። አገሩ ሙቀት፣ ባሕሩም ቅርብ። ከደብዳቤው መቆም ጋርም ይገጥማል። ሌሊቱን አለቀስኩ፣ ሲነጋ አዲስ አበባ ላለችው የአጎቴ ልጅ (የሌላኛው አጎቴ ማለቴ ነው) ደውዬ ነገርኳት፣ ለማንም እንዳትናገሪ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጎንደር ድንኳን ተጥሏል።

ይሄን ሳስብ እስካሁን ላብ ያጠምቀኛል። ዘመድ አዝማድ ከየገጠሩ መጣ፣ እድሩ ወጣ፣ ንፍሮው ተቀቀለ። እማዬ ስልክ አንስታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ "ወረቀቱ እናቱን ማን ይላል?" አለች። ይሄ ወረቀት የእናት ስም የለውም አልኳት። "እንግዲያውስ እኔ አላለቅስም" አለች። ሦስት ቀን ሙሉ እንግዳ አስተናገደች፣ ጥቁር አልለበሰችም፣ ሰዉ ድንጋጤ ነው፣ ልቧን ነክቷት ነው አላት።

ከዛ በኋላ ነው፣ ቀድሞ ማድረግ የነበረብኝን፣ ሰርተፍኬቱን ያዘዝኩት። ቴክሳስ የሞት መዝገብ 25 ዓመት ካለፈው ለማንም ክፍት ነው፣ ዘመድ መሆንህን ማሳየት አያስፈልግም። (ስቴቱ ሁሉ ይለያያል፣ ቨርጂኒያም 25 ነው፣ ኒውዮርክ 50 ነው፣ ያላችሁበትን ሳይሆን ሰውየው የሞተበትን ስቴት ሕግ ነው ማየት ያለባችሁ።) ወረቀቱ በፖስታ መጣ። የትውልድ ቦታ ሐረር። የእናት ስም ፈጽሞ የማናውቃት ሴት። የሌላ ቤት ልጅ ነው ያለቀስነው። አንድ ሰው ሐረር ውስጥ እሱን እየጠበቀ ይሆን ብዬ ብዙ አስቤያለሁ፣ ነፍሱን ይማር፣ ቢያንስ ጎንደር ውስጥ ሦስት ቀን ተለቅሶለታል።

እድሩ የከፈለውን መልሱ አላለም ደግነቱ።

እዚህ ጋ ቆም ልበልና፣ የኛ ነገር ከፈረንጅ የሚለየው የቤተሰብ ስም የሚባል ስለሌለን ነው። ፈረንጁ በቤተሰብ ስምና በልደት ዓመት ዘመዱን ያገኛል፣ እኛ ግን ስምና የአባት ስም የሚገጥም ሰው በየከተማው አለን። መዝገቡ የእናንተ መሆኑን የሚለየው የእናት ስም ነው። የእናት ስም ያለበት ወረቀት እጃችሁ ሳይገባ ለአንድም ሰው፣ ለምታምኑትም ሰው፣ እንዳትናገሩ።

ከዛ በኋላ አራት ዓመት ገደማ ተውኩት፣ አፈርኩ። የተመለስኩበት በኮቪድ ጊዜ ቤት ስንዘጋ ነው። ያኔ ሁለት ነገር አገኘሁ፣ ቀድሜ ባገኛቸው ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር። አንዱ ኑሚደንት ይባላል፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለማውጣት ሰው ከሞላው ፎርም የተወሰደ ነው፣ እስከ 2007 ድረስ መሞታቸው የተረጋገጠ ሰዎች ያሉበት፣ በናሽናል አርካይቭስም (የአሜሪካ መንግሥት ቤተ መዛግብት) በፋሚሊሰርችም ላይ በነጻ ይገኛል። ብዙዎቹ መዝገቦች ላይ የአባትና የእናት ስም አለ። ሁለተኛው የካሊፎርኒያ የሞት ማውጫ ነው፣ ከ1940 እስከ 1997 የሞቱትን ይይዛል፣ እሱም ላይ የእናት የልጅነት ስም የሚል ቦታ አለ። ፈረንጅ ሴት ስታገባ የባሏን ስም ስለምትይዝ ከጋብቻ በፊት የነበረውን ነው የሚጠይቁት፣ ለኛ እዛ ቦታ ላይ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የእናቲቱ አባት ስም ነው፣ አንዳንዴ ግን የራሷን ስም ይጽፉታል። ሁለቱንም ሞክሩ።

ባሕርና ሙቀት ያለው ቴክሳስ ብቻ ነው ያለኝ ማነው እያልኩ፣ የጋሼን ስም ብቻ፣ ያለ አባት ስም፣ ያለ ልደት ዓመት አስገብቼ የእናት ስም የሚለው ላይ የአያቴን አባት ስም መሞከር ጀመርኩ። የቅድመ አያቴ ስም በ"ፀ" ነው የሚጀምረው፣ ይሄ ደግሞ መከራ ነው። ፈረንጁ በ"ቲ" ይጽፈዋል፣ በ"ኤስ" ይጽፈዋል፣ በ"ዚ" ይጽፈዋል። ብዙ ሰው "ሲስተሙ ተመሳሳይ ድምፅ ራሱ ያመጣል" ይላል፣ ያመጣል ግን የድሮው ሳውንዴክስ የሚባለው ዘዴ የመጀመሪያውን ፊደል አይቀይርም፣ ስለዚህ በ"ቲ" ከፈለጋችሁ በ"ኤስ" የተጻፈው አይመጣም። "ቀ" በ"ኬ"ም በ"ኪው"ም ይጻፋል፣ "ጨ" በ"ሲ" ነው ወይ በ"ቲ" ነው፣ "ኃይለ" "ገብረ" "ወልደ" ያለባቸው ስሞች ለሁለት ይሰበሩና ግማሹ መካከለኛ ስም ይሆናል። እርግጠኛ ባልሆናችሁበት ፊደል ቦታ የጥያቄ ምልክት አድርጉ፣ ለብዙ ፊደል ኮከብ፣ ፋሚሊሰርች ይቀበላል። እኔ ወረቀት ላይ 14 ዓይነት ስፔሊንግ ጽፌ አንድ በአንድ ነው የሄድኩበት።

ዘጠነኛው ላይ መጣ። ስሙ ልክ፣ የአያቴ አባት ስም በ"ቲ" እና "ኤስ"፣ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ፣ ማርች 14 1991። የመጨረሻ ስሙ ላይ ያለው የአባቱ ሳይሆን የወንድ አያቱ ስም ነው፣ ያንን ነው እንደ ቤተሰብ ስም የያዘው። ልደት ደግሞ ጃንዋሪ 1 1947።

ደብተሬን አገላበጥኩ። በ2016 ይሄንኑ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲው ላይ አይቼው ነበር። "ዕድሜው ስምንት ዓመት ይበልጣል" ብዬ በራሴ እጅ ሰርዤዋለሁ።

የሆነው ምን መሰላችሁ፣ ስደተኛ ሆኖ ሲመዘገብ ስንት ዓመት ተወለድክ ሲሉት 1947 አለ፣ በኛው አቆጣጠር፣ ጻፊው እንዳለ ጻፈው። ቀኑንና ወሩን ያልተናገረ ስደተኛ ሁሉ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ነው የሚሰጠው፣ እዚህ አገር ስንት ሐበሻ በአንድ ቀን "ልደቱን" እንደሚያከብር ታውቃላችሁ። ስለዚህ የልደት ዓመት ስትፈልጉ ሁለት ጊዜ ፈልጉ፣ አንዴ ወደ ፈረንጅ ቀይራችሁ፣ አንዴ የኛውን ቁጥር እንዳለ። ይቺን አንድ ነገር ባውቅ አምስት ዓመት አልቃጠልም ነበር።

ከሂዩስተኑ ጉድ በኋላ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለሚስቴም። ሰርተፍኬቱን አዘዝኩ። ካሊፎርኒያ ሁለት ዓይነት ኮፒ አላት፣ አንዱ ለቅርብ ቤተሰብና ሕጉ ለፈቀደላቸው ብቻ የሚሰጥ፣ በፖስታ ካዘዛችሁ መሐላውን ኖተራይዝ ማስደረግ (በሕጋዊ አረጋጋጭ ፊት መፈረም) ያለባችሁ፣ ሌላው ለመረጃ ብቻ የሚባለው ማንም ሰው ማዘዝ የሚችለው። ላዩ ላይ ማንነት ለማረጋገጥ አያገለግልም የሚል ማኅተም አለው እንጂ ለፍለጋ የሚያስፈልገው መረጃ አለበት። ዋጋው ያኔ ሃያ ምናምን ዶላር ነው። ዘመድነት በወረቀት ማሳየት ለማንችለው ለኛ ይሄኛው ትልቅ ነገር ነው፣ በከንቱ ገንዘብ የሚያስከፍሉ አስመጪ ዌብሳይቶች አሉ ግን እነሱን ተዉአቸው፣ ከራሱ ከካውንቲው እዘዙ።

ፖስታው ሲመጣ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው የከፈትኩት። የእናት ስም፣ አያቴ። ከነአባቷ። ስፔሊንጉ ያስቃል ግን እሷ ናት።

ሰርተፍኬት ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ወረቀቱ አንድ ይሁን እንጂ የተናገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። የሞተበትን ቀንና ምክንያት የጻፈው ሐኪም ነው፣ እሱን እመኑት። ልደት፣ ወላጆች፣ ትዳር የሚለውን የተናገረው ደግሞ "ኢንፎርማንት" የሚለው ቦታ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው፣ እሱ የሚያውቀውን ያህል ብቻ ነው ልክነቱ። የኔው ላይ ኢንፎርማንቱ የሐበሻ ስም ነው፣ ዝምድና በሚለው ላይ "ጓደኛ" ይላል። ብዙ ሰው የሞት ምክንያቱን አይቶ ወረቀቱን ያጥፈዋል፣ ወርቁ ያለው ግን ይሄ ቦታ ላይ ነው። ጓደኛው የአያቴን ስም ከነአባቷ ካወቀ፣ ጋሼ ስለ ቤቱ አውርቶለታል ማለት ነው።

ሌላው ዓይኔ የሄደበት አስከሬኑ ምን ሆነ የሚለው ቦታ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ወሳጅ ያጣ አስከሬን ይቃጠልና አመዱ ሦስት ዓመት ገደማ ተጠብቆ ከሌሎች ጋር በአንድ ጉድጓድ ቦይል ሃይትስ በሚባል ሰፈር ይቀበራል፣ ይሄን ቀደም ብዬ አንብቤ ነበርና እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያየሁት። "ቀብር" ይላል። የመቃብር ቦታው ስምም አለ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ ለእማዬ ያንን እንዴት ብዬ እነግራታለሁ ብዬ ነበር።

አድራሻው ላይ ያለው ጓደኛ ከሰላሳ ዓመት በኋላ እዛ እንደማይኖር ግልጽ ነው። ስለዚህ ሰርተፍኬቱ ላይ ስሙ ያለውን ፊውነራል ሆም (የቀብር ሥራ የሚሠራውን ድርጅት) ፈለግኩ፣ አሁንም አለ። ብዙ ፊውነራል ሆሞች ፋይል ቶሎ አይጥሉም፣ ማን ከፈለ፣ ማን ፈረመ የሚለውን ያስቀምጣሉ። የስልኩን ሴትዮ ሰው ስልክ ስጪኝ አላልኳትም፣ እንቢ እንደምትል አውቃለሁ፣ ይልቅ የኔን ስልክና አንድ አጭር መልእክት ልተውልሽ፣ ብታገኚው ስጪው አልኳት። እሱን ደስ ብሏት ተቀበለች። እናንተም እንደዛ ጠይቁ።

ከ11 ቀን በኋላ በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ሽማግሌ ድምፅ። ሰላምታ የለ ምን የለ፣ "የማን ልጅ ነህ አንተ?" አለኝ። የእማዬን ስም ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለና፣ "እሷ አለች እንዴ?" አለ።

ከገዳሪፍ ጀምሮ አብረው ነበሩ። ፓርኪንግ ይሠራ ነበር፣ በልብ ሕመም ነው የሞተው፣ አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጥተው ቀበሩት፣ አርባውንም አወጡለት። ለምን ለቤተሰብ አልነገራችሁም የሚለው ጥያቄ አፌ ላይ ነበር፣ ሳልጠይቀው ነገረኝ። በዛው ሳምንት ጎንደር ደብዳቤ ልኳል። ቀኑን አስቡት፣ መጋቢት 1983። በየካቲት የተጀመረው ዘመቻ ቴዎድሮስ ጎንደርንና ጎጃምን ከደርግ እጅ እያወጣ ያለበት ሰሞን ነው፣ ማን ፖስታ ያድላል? ደብዳቤው አልደረሰም፣ መልስ ሲያጣ እሱም እናንተ በጦርነቱ አልቃችኋል ብሎ ደመደመ። ሰላሳ ዓመት እሱ እኛን ሲያዝን እኛ ጋሼን ስንጠብቅ።

መርዶውን በስልክ አልተናገርኩም። በአንዴ ትምህርት አይገባኝም እንጂ ያን ጊዜ ገብቶኛል። ሰርተፍኬቱን አስተርጉሜ፣ ሽማግሌው ለእማዬ ድምፁን ቀርጾ ልኮልኝ፣ የንስሐ አባቷና ሁለት የቅርብ ዘመድ ገና ጎህ ሳይቀድ ቤቷ ሄዱ። ያኔም የጠየቀችው ያንኑ ነው። ወረቀቱን አሳዩዋት፣ የእናቱን ስም በአማርኛ ጽፌ ከጎኑ አስቀምጬበታለሁ። ከዛ አለቀሰች፣ እንደ ትናንት።

ቀኑን ወደኛ ስትቀይሩ ተጠንቀቁ፣ ተዝካር የሚወጣበት ቀን ነውና። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ሰባት ዓመት ነው የምትቀንሱት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ አንድ ቀን ይንሸራተታል፣ በጭንቅላት ከምትሠሩት በመቀየሪያ አፕ አረጋግጡ። የጋሼ ማርች 14 1991 መጋቢት 5 1983 ሆነ። እማዬ ይሄን ስትሰማ "በአቦ ቀን?" አለች፣ የዓመቱ አቦ ነው እኮ፣ ከዛ ወዲህ ትንሽ ቀለል አላት። የክርስትና ስም ደግሞ ከማንኛውም የመንግሥት ወረቀት አታገኙትም፣ እሱን አገር ቤት ያሉ ትልልቅ ሰዎች ሳያልፉ ጠይቃችሁ ጻፉት፣ ያለሱ ፍታት የለም።

ወረቀቱ ሌላም በር ይከፍታል። የሞት ሰርተፍኬት በእጃችሁ ካለ የሟቹን የኢሚግሬሽን ፋይል በመረጃ ነጻነት ሕግ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ሟች ስለሆነ የሱ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ኦንላይን ነው የሚሞላው። የጋሼ ፋይል ሲመጣ ሱዳን ላይ ያደረገው ቃለ መጠይቅ ነበረበት፣ ወንድምና እህቶቹን በተራ ይዘረዝራል። የእማዬ ስም በሕይወት ያለች ሰው ስለሆነች በጥቁር ተሸፍኗል፣ ከጎኑ "ታላቅ እህት፣ ጎንደር" የሚለው ብቻ ይነበባል። የመጀመሪያውን የሶሻል ሴኩሪቲ ማመልከቻ ኮፒም ጠይቄ ነበር፣ እዛ ላይ ግን የወላጆቹን ስም ለማሳየት መሞታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ፈለጉ። ከየት ላምጣ? አያቴ በ1988 ስታርፍ ማን ሰርተፍኬት ያወጣል፣ የመዘገባት የእድሩ ደብተር ብቻ ነው። አገር ቤት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 ወጥቶ በመላ አገሪቱ የጀመረው በ2008 ነው፣ ከዛ በፊት የሞተ ዘመድ የምትፈልጉ እድርና ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። አሁን የሞተ ሰው ካላችሁ ግን በ30 ቀን ውስጥ ቀበሌ አስመዝግቡ፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ይሄ አይታየውም፣ ከቤተሰቡ አንዱ ጎበዝ ይያዘው።

ባለፈው ዓመት ሎስ አንጀለስ ሄድኩ፣ ሽማግሌው ራሱ ነዳ። ከመሬት እኩል የሆነች ትንሽ የድንጋይ ሰሌዳ ናት፣ ስሙ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ከታች 1947 – 1991። እማዬን በቪዲዮ ደወልኩላትና ድንጋዩን አሳየኋት፣ የልደቱ ዓመት ተሳስቷል፣ 1955 ብለው እንዲያስተካክሉት አዲስ ላሠራ ነው አልኳት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቁጥሩን አነበበችው። "ምኑ ነው የተሳሳተው?" አለች፣ "አርባ ሰባት ነው የተወለደው። ተወው።"